የድመት ጅራት ማንበብ

መካነ ሰላም በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት አይጦች የአሥረኛ ክፍልን የባዮሎጂ ፈተና ወረቀት በሉብኝ። የተበላው ስድስት ወረቀት ብቻ ነበር። በማግስቱ ክፍል ገብቼ ይህንኑ ስናገር ግን ወረቀቱ የተበላበት ተማሪ ሃያ ደረሰ፤ ሃያዎቹም ፈተናውን በሚገባ እንደሠሩት ጥርት አድርገው ያስታውሱ ነበር።

ቤት ያከራዩኝ ሴት የቄስ ሚስት የነበሩ፣ ባለቤታቸው ሲያርፉ ቆብ የጫኑ መነኩሲት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ እማሆይ ይላቸዋል። ግቢው ውስጥ የምንኖረው እሳቸውና እኔ ብቻ ነበርን፤ እሳቸው በትልቁ ቤት፣ እኔ በአጥሩ ጥግ ባለችው አንድ ክፍል። የወረቀቱን ነገር ስነግራቸው እንዝርታቸውን ማሽከርከር ሳያቆሙ፣

«ድመት አምጪ» አሉኝ።

«እርስዎ ድመት ይወዳሉ እማሆይ?»

«ድመት የሚወደድ ነገር ነው እንዴ? አይጥ እንድትይዝ የተፈጠረች ናት። አንች ማጭድ ትወጃለሽ?»

ማጭዴን ያመጣልኝ አብሮኝ የሚያስተምር የሒሳብ መምህር ነው። ቤተሰቦቹ ወግዲ ስለሆኑ ቅዳሜና እሑድን እዚያ አሳልፎ ሰኞ ማለዳ የተበሳሳ የብስኩት ካርቶን ታቅፎ መጣ። «መንገዱን ሙሉ ስትጮህ ነው የመጣችው» አለኝ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ተሳፋሪው መጀመሪያ አዘነላት፤ ግማሽ መንገድ ላይ ግን ለኔ ማዘን ጀመረ።» ካርቶኑን ስከፍተው ከመዳፌ የማትበልጥ፣ ግራጫ፣ ደረቷ ላይ ነጭ ያለባት የድመት ልጅ ቀና ብላ አየችኝ። ያየችውን አልወደደችውም መሰለኝ፣ ተፈትልካ አልጋዬ ስር ገባች። ሁለት ቀን አልወጣችም። ከአይጦቹ ጋር ተስማምታ ይሆናል ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ስለ እንስሳት ባህርይ ለአራት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ሥዕል ሥዬ፣ ቀስት አስምሬ፣ ፈተና አውጥቼ። ከእንስሳ ጋር ግን አንድ ጣሪያ ስር ኖሬ አላውቅም። ወረኢሉ እናቴ ቤት ድመት አይገባም ነበር፤ እናቴን ያስነጥሳታል። እንግዲህ መዋኘትን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተማረ ሰው ወንዝ ሲገባ ምን እንደሚሆን አስቡት።

በሦስተኛው ቀን ወጣች። ጀርባዋን እንደ ቀስት ለጥጣ፣ ጅራቷን እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ነፍታ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን በጎኗ እየነጠረች ወደኔ መጣች። አጠገቤ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ማንም ምንም ሳይላት ሽቅብ ዘለለች፣ አየር ላይ ዞረች፣ ከግድግዳው ጋር ተላተመች፣ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ሁሉ ገላምጣኝ አልጋ ስር ተመለሰች።

የተማረ ሰው ሲቸግረው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርኩ መጥቶ ሲሄድ፣ ሄዶ ሲመጣ፣ የድመትን አካል ስለማንበብ የሚያስረዳ ጽሑፍ ተከፈተልኝ። ጅራቷ ከቆመ ደስተኛ ናት። ጅራቷ ከተነፋ ፈርታለች። ጆሮዋ ከተኛ ተቆጥታለች። ሆዷን ገልጣ ከተጋደመች ታምንሃለች። ይህን ሁሉ በትምህርት ዕቅድ ቅጽ ጀርባ ላይ ሠንጠረዥ አውጥቼ ጻፍኩትና ከአልጋዬ ራስጌ ለጠፍኩት።

ችግሩ ድመቷ ሠንጠረዡን አላነበበችውም። ጅራቷን ነፍታ ስትመጣ «ፈርታለች፣ ምስኪን» ብዬ አዝንላታለሁ፤ ምስኪኗ ቁርጭምጭሚቴን ነክሳ ትሸሻለች። ጅራቷን አቁማ ስትመጣ «ደስ ብሏታል» እላለሁ፤ ደስታዋን በመጋረጃዬ ላይ ተንጠልጥላ ትገልጸዋለች። ይባስ ብሎ አንድ ቀን ከሰዓት ፀሐይ በምትገባበት በር አጠገብ በጀርባዋ ተጋደመችና ነጭ ሆዷን ገለጠችልኝ። ልቤ ቅቤ ሆነ። እጄን ሰደድኩ። በፊት እግሮቿ አንቃ ያዘችኝ፣ በጥርሷ ነከሰችኝ፣ በኋላ እግሮቿ ደግሞ እንደ ስፌት መኪና ትረግጠኝ ጀመር። መታመን ይህን ያህል እንደሚያደማ አላውቅም ነበር።

የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም እንደሚይዝ ለተማሪዎቼ አስተምሬአለሁ። ስለዚህ የደማ ክንዴን በሻሽ ጠቅልዬ፣ ድመቷን ካርቶኗ ውስጥ ከትቼ ወደ ከብት ሐኪሙ ሮጥኩ። ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ሁለት በሬ፣ አንዲት በቅሎና ቁጥራቸው የማይታወቅ በጎች ከነባለቤቶቻቸው ወረፋ ይጠብቃሉ። አንድ በሬያቸውን በገመድ የያዙ አዛውንት ካርቶኔን ሲያዩ ቆይተው፣

«ምን ይዘሽ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ድመት ናት አባቴ።»

«ምኗን አሟት?»

«ትነክሳለች።»

አዛውንቱ በሬያቸውን አዩት። እኔን አዩኝ። «እኔስ በሬዬ አልበላ ብሎኝ ነው የመጣሁ» አሉ። «ያንች ሕመሟ መብላቷ ነው?»

በጎቹ ሳይቀሩ የሳቁብኝ መሰለኝ።

ሐኪሙ እጆቹ የበሬ ቀንድ መያዝ የለመዱ፣ ድምፁ ግን ለስላሳ የሆነ የዚያው የወሎ ቦረና ልጅ ነው። ካርቶኑን ከፈተ። ድመቷ ጭንቅላቷን ብቅ አድርጋ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን የልብ ምት ማዳመጫ ገመድ በአንድ እግሯ መታችው። እንደገና መታችው።

«ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነው የምትኖር?» አለኝ።

«ከኔ ጋር።»

«ሌላ?»

«ሌላ የለም።»

«በቃ! ወንድም የላት፣ እህት የላት። ማንን ትንከስ ታዲያ? እርስ በርሳቸው ሲናከሱ ነው ልኩን የሚማሩት፤ አጥብቃ የነከሰች እንደሆነ ያኛው ጮሆ ጨዋታውን ይተዋል።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ «ስትነክስሽ ጆሮዋ የት ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

«ጆሮዋን አላየሁም። ጥርሷን ነበር የማየው።»

«አብሽሪ፣ ጨዋታ ነው» አለ ሳቁን እየዋጠ። «ቢሆንም ለጥንቃቄ ክንድሽን ጤና ጣቢያ አሳዪ። ለሷ የምሰጣት መድኃኒት ግን የለኝም። የልጅነት መድኃኒት አልመጣልንም።»

ወደ ቤት ስመለስ እማሆይ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ይፈትሉ ነበር። የሆንኩትን ስነግራቸው እንዝርቱ ከእጃቸው ወደቀ። እንዲያ ሲስቁ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ ቆባቸውን በእጃቸው ደግፈው ነው የሳቁት።

«እጅሽን መጫወቻ አድርገሽ ትሰጫታለሽ፣ ከዚያ ነከሰችኝ ብለሽ ሐኪም ዘንድ ትከሻታለሽ?» አሉኝ። ከጉያቸው አሮጌ ጨርቅ አውጥተው በፈትል አሰሩና መሬት ለመሬት ጎተቱት። ድመቷ ከካርቶኑ ወጥታ አደባች። «እያት። ጆሮዋ ወደ ፊት ነው። አሁን ደግሞ ቂጧን ታወዛውዛለች፤ ልትዘል ነው።» ዘለለች። ጨርቁን ያዘች፣ ለቀቀች፣ ተቀምጣ እግሯን ላሰች፣ እንደገና ያዘች። «አየሽ? ጨዋታ እረፍት አለው። ትይዛለች፣ ትለቃለች። ጠብ የሆነ እንደሆነ አትለቅም፤ ትጮሃለችም።»

«ድመት አልወድም ብለውኝ አልነበረም?»

«አሁን መች ወደድኩ? ለማጭዱ ስለት እያወጣሁለት ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ድመቷ የኔ መሆኗ በወረቀት ብቻ ቀረ። እማሆይ ረቡዕና ዓርብ ወተት እንዳላጠጣት በግልጽ አስጠነቀቁኝ፤ የክርስቲያን ቤት ነው፣ ሲሉ። አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት በጊዜ ስመለስ ግን ድመቷ ከበራቸው ጢሟ ነጭ ሆኖ ወጣች። ምንም አልጠየቅኩም። እሳቸውም «ሕፃን ጾም የለበትም» ብለው ወደ ሰማይ እያዩ ተናገሩ፤ ለኔ ይሁን ለላይኛው አልገባኝም።

እኔ ደግሞ በወር ውስጥ ሊቅ ሆንኩ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሻይ በያዝኩ ቁጥር ስለ ድመት አተነትናለሁ። ሠንጠረዤን አሻሽዬዋለሁ፤ «ጅራት የተነፋ፣ በጎን መዝለል፣ ትርጉም፦ ጨዋታ» የሚል ረድፍ ገብቷል። የእንግሊዝኛ መምህርቷ የእህቷ ድመት ለምን ሶፋ እንደምትቧጭር አማከረችኝ፤ ድመቷን ሳላይ መልስ ሰጠኋት። ሁሉም ነገር ጨዋታ ነው፣ አልኳት። እውቀት ሲበዛ እንዲህ ያሳጥራል።

አንድ እሑድ ጠዋት እማሆይ ቅዳሴ ሄደው እኔ ልብስ ሳጥብ አርፍጄ ነበር። ድመቷን የእማሆይ ደጃፍ ጥግ ላይ አድብታ አገኘኋት። ጎበጥ ብላ መሬቱ ላይ ተለጥፋለች፤ የጅራቷ ጫፍ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ጆሮዋ ወደ ጎን ተኝቷል። አልፎ አልፎ ራሷን ትነቀንቅና በፊት እግሯ አፏን ትመታለች። እኔ ሊቋ ወዲያው ተረዳሁ፤ አደን እየተለማመደች ነው! ለማረፊያ ክፍሉ ጉባኤ ማስረጃ እንዲሆነኝ ስልኬን አውጥቼ እቀርጻት ጀመር። በሌላው እጄ ጨርቁን ጎተትኩላት። አላየችውም። «የምትንቀኝ መስላ ታደባለች፤ ተመልከቱ እንግዲህ» እያልኩ ለቪዲዮው አስረዳለሁ። ወደ ግድግዳው ሸሸች። ተከተልኳት። ከውኃ ማሰሮው ኋላ ገባች። ስልኬን እዚያም አስገባሁላት።

እማሆይ ምርኩዛቸውን ይዘው በበሩ ገቡ።

«ምን ሆነች?»

«እየተጫወተች ነው እማሆይ፤ ጆሮዋን ይዩልኝ።»

ቀረብ ብለው አዩ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ጥለው በስንት መከራ ቁጢጥ አሉ። «አንች ልጅ፣ ይች ጨዋታ ላይ አይደለችም። ዓይኗን አታይም? ማንንም አታይበትም እኮ!»

ከማሰሮው ኋላ ቀስ አድርገው አወጧት። አገጯ በለሃጭ ርሷል። አፏን በአውራ ጣታቸው ከፈት ሲያደርጉት ከምላሷ ስር ቀጭን ነጭ ነገር ታየ። ሁለታችንም እኩል ዞር ብለን የእማሆይን የፈትል ሙዳይ አየን። ተገልብጧል። ልቃቂቱ መሬት ላይ ተተርትሯል፤ ጫፉም ተበጥሷል።

እጄን ዘርግቼ ክሩን ልስበው ስል እማሆይ አንጓዬን ጨብጠው ያዙኝ። እንዲያ ያለ ጉልበት ያላቸው አይመስለኝም ነበር።

«አትንኪው! ሆዷ ውስጥ ምን ይዞ እንደተተበተበ ታውቂያለሽ? የተወሳሰበ ፈትል ሲጎትቱት ነው የሚቋጠረው። ዕድሜ ልኬን ፈትያለሁ።»

ባለ ዲግሪዋ እኔ እጄን ሰበሰብኩ።

ክሊኒኩ እሑድ ዝግ ነው። ባጃጅ ጠርተን እማሆይ ድመቷን በነጠላቸው ጠቅልለው አቅፈው፣ እኔ ባዶ ካርቶን ይዤ፣ ሐኪሙ ቤት ሄድን። ምን አስቤ ካርቶኑን እንደያዝኩት አላውቅም። ሐኪሙ ከምሳው ተነስቶ እጁን ታጥቦ መጣ። አንድ ጊዜ አፏን ከፍቶ ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። ፈትሉ በምላሷ ሥር ተጠምጥሞ የቀረው ወደ ጉሮሮዋ ወርዷል። እኔ እግሮቿን ይዤ፣ እማሆይ ራሷን ደግፈው፣ እሱ በትንሽ መቀስ ምላሷን ያነቀውን ቆርጦ አወጣው።

«የወረደውን አልጎትተውም፤ አንጀቷን ይቆርጠዋል» አለ። እማሆይ ወደኔ አላዩም። ያኔ ነው ይበልጥ ያፈርኩት። «በራሱ ከወጣ ወጣ። ሁለት ቀን እንይ።»

«ካልወጣስ?» አልኩት።

ነጠላውን መልሶ አለበሳት። «የድመት ሆድ የምከፍትበት ዕቃ የለኝም እህቴ። ዱዓ አድርጉ።»

እማሆይም «አሜን» አሉ።

ድመቷ ማታውን በእማሆይ ምድጃ አጠገብ ተኛች። ስሙኝ፣ ሰው በሕይወቱ ብዙ ነገር ይጠብቃል፤ ደብዳቤ፣ ዝናብ፣ ዕድገት። እኔና አንዲት መነኩሲት የጠበቅነው ድመት ለመጸዳዳት አመድ ላይ እንድትቀመጥ ነው። ሰኞ ጠዋት ምንም የለም። ትምህርት ቤት ሄጄ በየክፍለ ጊዜው መሃል ለእማሆይ እደውላለሁ። የማረፊያ ክፍሉ ጥግ ቆሜ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ወጣ?» እላለሁ። «አልወጣም» ይሉኛል። «ሳይወጣ አይቀርም እማሆይ፣ ተስፋ አይቁረጡ።» በሦስተኛው ጥሪ ላይ የእንግሊዝኛ መምህርቷ ክንዴን ያዘችኝ።

«ዝውውር ወጣ እንዴ?»

የክፍሉ አንገት ሁሉ ወደኔ ዞረ። መምህር የሆነ ሰው «ወጣ» የሚል ቃል ሲሰማ ከሞትም ይነሳል። አይደለም ብዬ ማልኩ። አንዱም አላመነኝም።

ሰኞ አመሻሽ ላይ እማሆይ ጭናቸው ላይ አድርገዋት ሆዷን ሳይጫኑ ይዳብሷታል። ዓይኗ ክፍትም ዝግም አልነበረም። ደጅ ወጥቼ ያን ቪዲዮ ብቻዬን ደግሜ አየሁት። አሁን ሁሉም ነገር ይታየኛል፤ አፏን ስትመታ፣ ስትሸሽ፣ ስከተላት፣ ከማሰሮው ኋላ ስትጣበቅ። ከላይ ደግሞ የኔ ድምፅ አለ፤ እየሳቀ የሚያስረዳ። ያን ድምፅ ከመስማት መነከስ ይሻለኝ ነበር። አጠፋሁትና ተመልሼ ገባሁ።

«እማሆይ፣ እርስዎ በአንድ እይታ እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«ቄሱ ባሌ ከመሞታቸው በፊት ሁለት ዓመት አልተናገሩም» አሉ። «ግማሽ ጎናቸው ደርቆ፣ ምላሳቸው ታስሮ። በጨዋታ አዋቂነታቸው አገር የሚያውቃቸው ሰው ነበሩ። መጀመሪያ መጀመሪያ እኔም እንዳንች ነበርኩ። በግራ እጃቸው ብርድ ልብሱን ሲጎትቱ በረዳቸው ብዬ እደርብላቸዋለሁ። ለካ ይሞቃቸው ኖሯል። አንድ ወር ሙሉ ሙቀት ላይ ሙቀት ስደርብ ከረምኩ ልጄ። ሰው ብሆን አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ፊታቸውን አይ አልነበር?»

አንድ ጊዜ እንኳ ምንም ሳላስረዳ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ለእመቤቴ ጧፍ ተስያለሁ» አሉ ቆየት ብለው። «ለድመት ነው ብለሽ ለሰው እንዳታወሪ።»

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። እማሆይ ስልክ ላይ ሲናገሩ ከገደል ማዶ እንደሚጣሩ ሁሉ ይጮሃሉ።

«ወጣ! እልል በይ፣ ወጣ! ክንድ ያህላል!»

ሁሉም ሰማ። እኔ ደግሞ እንባዬ መጣ፤ ማቆም አቃተኝ። ስለ ድመት ኩስ ያለቀሰ መምህር ከኔ በፊት ስለመኖሩ አላውቅም። ባልደረቦቼ ግን የሚያለቅሰው ሰው መካነ ሰላምን መለየት የከበደው ሰው መሆኑን ወሰኑ። የሒሳብ መምህሩ እጄን ጨብጦ፣ «ክንድ ያህላል ማለት ምን ማለት ነው? ርቀቱ ነው?» አለኝ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ድረስ የት እንደተዛወርኩ እንድነግራቸው ሲለምኑኝ ሰነበቱ፤ ሁለቱማ ደብቃለች ብለው ተቀየሙኝ።

ድመቷ በሦስተኛው ቀን መብላት፣ በአምስተኛው ቀን መንከስ ጀመረች። ጀርባዋን ለጥጣ በጎን በጎኗ ነጥራ መጥታ የእማሆይን ቀሚስ ጫፍ ስትይዝ እማሆይ «ተመስገን፣ ይች ክፉ ዳነች» አሉ። የፈትል ሙዳያቸውን ከዚያ ወዲህ ከቁም ሳጥኑ ላይ ነው የሚያስቀምጡት፤ እንደሚሉት አቧራ እንዳይነካው ነው።

ትምህርት ሲዘጋ ክረምቱን ወረኢሉ ቤተሰብ ጋ ከረምኩ። በየሳምንቱ እደውላለሁ፤ እማሆይ ስለ ጤናዬ በአንድ ቃል፣ ስለ ድመቷ በግማሽ ሰዓት ያወሩኛል። መስከረም ላይ ጭቃ እየረገጥኩ ሻንጣዬን ጎትቼ ግቢው ስገባ ድመቷ የእማሆይ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ረዝማለች፤ ልጅነቱ ከፊቷ ሄዷል። ጠራኋት። አየችኝ። ከዚያ ተነስታ ዞረችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች።

«ይሄ ምን ማለት ነው እማሆይ? ተቀይማኛለች? ወይስ ረስታኛለች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አሉ ከትልቁ ቤት ውስጥ፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «ሻንጣሽን አስቀምጪና አጠገቧ ቁጭ በይ።»

ሻንጣዬን አስቀምጬ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬን አላወጣሁም፤ እጄንም አልሰደድኩም። ብዙ ቆየን። ፀሐይዋ ከደመና ወጥታ ደጃፉ ላይ ስታርፍ ድመቷ አሁንም ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ነበር፤ አንደኛው ጆሮዋ ግን ቀስ ብሎ ወደኔ ዞረ።